ከግብር ደረሰኝ እስከ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፦ የወሎ ርስት ቆጠራ የት ድረስ ያስኬዳል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የጠያቂዋ አያት ከሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አምባሰል በሚወስደው ደጋ ላይ ርስት ነበራቸው። እስከ 1966 ድረስ ግብር የከፈሉባቸው ደረሰኞች እናቷ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። አያትየው የተወለዱት በ1920 ገደማ ሲሆን ዘጠኝ አባት ይቆጥሩ ነበር። ዘጠነኛው አቅኚው፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው፤ መሬቱንም ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እጅ ተቀብሏል ይባላል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ላይ ይህንኑ የሚል ጽሑፍ አለ፤ የአያትየው አያትም ስማቸው እዚያው ሰፍሯል። ፎቶውን ልካልኛለች። ከዘመዶቿ ግማሹ ሙስሊም ነው። «ከየት ልጀምር? እስከ ዘርዓ ያዕቆብስ ማድረስ ይቻላል?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልል መልሱን ልንገርሽ። በሰነድ እስከ ራስ ሚካኤል ዘመን ያለ ብዙ ችግር ትደርሻለሽ። ፎቶሽ ብቻውን እዚያ አድርሶሻል። ዕድል ከቀናሽ ደግሞ ዘመነ መሳፍንትን ትነኪያለሽ። ዘርዓ ያዕቆብ ዘንድ ግን ከልጅ ወደ አባት ስም በስም እየቆጠርሽ አትደርሺም። መሬቱ ራሱ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሰውን ሳይሆን መሬትን ተከተዪ። ምክሬ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። አንድ ትውልድ ሠላሳ ዓመት ብንል ዘጠኝ ትውልድ 270 ዓመት ነው። ከ1920 ላይ ስንቀንሰው 1650 ይመጣል። ያኔ የነገሡት ዐፄ ፋሲል ናቸው። ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ነው። በመካከል 190 ዓመት ጎድሏል፤ ቢያንስ ስድስት ሰው ማለት ነው። ትውልዱን አርባ ዓመት አድርገን ብንለጥጠው እንኳ አይሞላም።

አያትሽ ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። ዘር የሚቆጠረው ለታሪክ ተብሎ ሳይሆን ለመሬት ተብሎ ነው። አቅኚው ይታወሳል። መሬቱን የተካፈሉት ልጆቹ ይታወሳሉ፤ እያንዳንዱ ድርሻ በስማቸው ስለሚጠራ። በቅርቡ በኩል አያትና ቅድመ አያት ይታወሳሉ፤ ያያቸው ሰው ገና አልሞተም። መሐል ላይ ያለው፣ ሳያካፍል ሳይካሰስ አርሶ የሞተው ሰው ግን ቀስ እያለ ከቆጠራው ይወጣል። ስሙን መያዝ የሚጠቅመው ሰው የለማ።

አሁን ጉልትና ርስትን ለይልኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርስት የአቅኚው ልጆች በዘር የሚወርሱት የመሬት መብት ነው፤ በአባትም በእናትም ይመጣል። ጉልት ደግሞ ከዚያው መሬት ላይ ግብር የመብላት መብት ነው። ንጉሥ ለሹም፣ ለጭፍራ ወይም ለገዳም ይሰጠዋል። ሹሙ ሲሻር ጉልቱም አብሮት ይሻራል፤ ርስተ ጉልት ተብሎ ካልጸና በቀር። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በወንጌል ላይ ያስጻፉት ሰነድ ከሞላ ጎደል የጉልት ነው። «ጎለትኩ» ይላል ንጉሡ። ከዚያ የሀገሩን ስም ይጠራል፣ የሚቀበለውን ገዳም ወይም ሰው ይጠራል፣ በጊዜው የነበሩትን ሹማምንት ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ የሚፍቀውንና የሚሰርቀውን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ያወግዛል። መሬቱን የሚያርሰው ባለርስት ግን ስሙ የለም። ማን ነው ብሎ የጠየቀም የለም።

እንግዲህ የዘርዓ ያዕቆብ ሰነድ ነገ ቢገኝ እንኳ ያንቺ ሰው የሚገኝበት ሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ ጉልተኛ ሹም ነበር፤ ያኔ ስሙ ይኖራል፣ መሬቱ ግን ለልጁ መተላለፉ ያጠራጥራል። ወይ ባለርስት ነበር፤ ያኔ መሬቱ ለልጁ ተላልፏል፣ ስሙ ግን አልተጻፈም። ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን አጋጥሞ ነው የሚያወራው፤ የጉልተኛውን ክብርና የባለርስቱን ዕድሜ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ተረት ችሎት የቆመ ሰው ነው የሚወደው። ሺህ ዓመቱን ቁጠር ያለው ዳኛ አልነበረም።

ወደ ፎቶሽ ልምጣ። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚል ነገር ነው የላክሽው።

ቤተሰቡ «ወንጌሉ የብራና ነው፣ በጣም አሮጌ ነው» ብሏል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመጽሐፉ ዕድሜና በኅዳጉ፣ ማለትም በገጹ ባዶ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ነገር ዕድሜ አንድ አይደለም። ወንጌል የአጥቢያው መዝገብ ነበር። በላዩ ስለሚማማሉበት ማንም ደፍሮ አይፍቀውም፤ ዕቃ ቤት ስለሚቀመጥም አይጠፋም። ስለዚህ ባዶ ቅጠል በተገኘበት ሁሉ፣ በአራት መቶ ዓመት ልዩነትም ቢሆን፣ የመሬት ነገር ይጻፍበታል። ባንቺ ፎቶ ላይ በግራ ያለው የወንጌሉ ጽሕፈት በሙያተኛ እጅ በጥንቃቄ የተጣለ ነው። ከታች ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ እጅ ነው፤ ፊደሉ ይሮጣል፣ መስመሩ ወደ ቀኝ ይወርዳል፣ ቀለሙም ሳስቷል።

መክፈቻው ግዕዝ ነው። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ አማርኛ ይሆናል። የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ የመሬት ሰነድ በአማርኛ አያስጽፍም። በዚያ ዘመን በአማርኛ የሚገኘው ለነገሥታቱ የተዘፈነው ዘፈን ነው እንጂ ጉልት የሚሰጥበት ቋንቋ ግዕዝ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ብር» ይላል። ሌላ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ ይህች ቃል ትበቃን ነበር። ጠገራው ብር፣ የማሪያ ቴሬዛው፣ ከዘርዓ ያዕቆብ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ገንዘብ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሌላም ቦታ ይጠቅምሻል። የጥንት ግብር ዝርዝር ተብሎ በቆሎ ከተቆጠረበት፣ በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እህል መሆኑን አስቢና መጽሐፉን በትሕትና ዝጊው።

ቀኑም አለ፤ «በራስ ሚካኤል፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኀ ጥር» ይላል። ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈም፤ ግን ሊወጣ ይችላል። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት በቦሩ ሜዳው ጉባኤ፣ በ1870 ግንቦት ላይ ነው። ንጉሥ የተባሉት በ1906 ግንቦት ነው። ስለዚህ «ራስ» የተባሉበት ጥር ከ1871 እስከ 1906 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ወንጌላዊውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍዪ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በዚህ ሒሳብ ዘመነ ማርቆስ የሚሆኑት 1874፣ 1878፣ 1882 እያለ እስከ 1906 ዘጠኝ ዓመታት ናቸው። የአያትሽ አያት በ1860 ገደማ ከተወለዱ እማኝ ሆነው ለመቆም ሃያ ዓመት ቢሞላቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጣያቸው። ከ1882 ወዲህ ነው። የገዥውና የአለቃው ስም ደብዝዟል፤ ጥርት ያለ ፎቶ ካገኘሁ የበለጠ ማጥበብ ይቻላል።

ዘርዓ ያዕቆብስ? አሉ፣ ስማቸው በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ዓይናችሁ እዚያ ላይ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል። ጽሑፉ ግን የንጉሥ ስጦታ ሳይሆን የእርቅ ውል ነው። ሁለት ወገን በአንድ ቁራሽ መሬት ተካሰዋል። አንደኛው ወገን «አባታችን ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተቀበለው ነው» ብሏል። ሽማግሌ ገብቶ በብር ተስማምተዋል፣ ዋስ ጠርተዋል፣ እማኝ ቆጥረዋል። የአያትሽ አያት ከእማኞቹ ሦስተኛው ናቸው። ሰነዱ የሚመሰክረው በ1890ዎቹ ገደማ ሰዎች ስለ መሬታቸው ምን ይሉ እንደነበር ነው። በ1430ዎቹ ምን እንደተደረገ አይመሰክርም።

ይህን ስትሰሚ ቅር እንዳይልሽ፤ ዋናው ነገር ገና ነው። ከሳሾቹ መብታቸውን ለማስረዳት ዘር ቆጥረዋል። አቅኚው አያትሽ የሚጠሩት ያው ሰው ነው። ከሳሾቹ ከራሳቸው ጀምረው ስንት አባት ቆጠሩ? ዘጠኝ! አያትሽም ዘጠኝ። ግን ከሳሾቹ የአያትሽ አያት እኩዮች ናቸው። በአያትሽ ቆጠራ ከአያታቸው እስከ አቅኚው ሰባት ሰው ብቻ ነው ያለው። ያው መሬት፣ ያው አቅኚ፤ ሁለት ሰው ጠፍቷል። ትውልድ ይጨመራል፣ ቆጠራው ግን ዘጠኝ ላይ ይቆማል። በቅርቡ በኩል ሲገባ ከመሐል ይወጣል።

የጠፉት የትኞቹ እንደሆኑ ስም ለስም አስተያይተሽ ልታወጪ ትችያለሽ። እኔ በፎቶው አምስተኛውንና ስድስተኛውን እጠረጥራለሁ፤ ከእነዚህ አንዱ የሴት ስም ይመስለኛል። ሴት ከሆነች አትደነቂ። ርስት በሴትም ይወርዳል፤ ቆጠራ ሲያልፍ ግን ሴቲቱ ተዘላ ባሏ ወይም ወንድሟ በቦታዋ ይገባል። «አባት በአባት ነው የመጣነው» የሚል ቤተሰብ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የተረሳችውን ሴት ነው።

ሁለቱን ስንጨምር አያትሽ አሥራ አንድ አባት አላቸው ማለት ነው። 330 ዓመት። ከ1920 ሲቀነስ 1590 ላይ ያርፋል። ሌላም የተረሳ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዢው። ግን ይህ ግምት ለወሎ ሰው ትርጉም አለው። በኅዳር 1524 የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አማራ ገብቶ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም የተባሉትን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ከመጽሐፍ ጋር የመሬቱም ጽሑፍ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት አሥርት ዓመታት ኦሮሞው ወደ ሀገሩ ገባ፤ ሰው ተፈናቀለ፣ ሰፈረ፣ ተጋባ፣ ሃይማኖትም ተቀየረ። የዛሬው ወሎ የተሠራው ያኔ ነው። አንቺ «አቅኚ» የምትዪው ሰው መሬቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀና ላይሆን ይችላል። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ጠፍ የሆነውን መልሶ ያቀና ቢሆን አይገርመኝም። ልጆቹ የእሱን ይዞታ ለማጽናት ከእሱ በፊት የነበረውን ታላቅ ንጉሥ ስም አስጠጉለት። ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በግሸንና በአምባሰል ዙሪያ ስማቸው የማይጠፋ ንጉሥ ናቸው።

ከዚያ በፊት ስላለው ዘመን ማየት ከፈለግሽ ዋናው ቦታ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ከ1273 ጀምሮ አለ፤ በቅጠሎቹ ላይም የገዳሙ ንብረት የተመዘገበባቸው ጽሑፎች ይገኛሉ። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ አንቺ አትገቢም፤ ወንድምሽን ላኪ ብልሽም የወንጌሉን ቅጠል የሚገልጥለት አያገኝም። አትቸገሪ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት አንስቷል። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚያ ስብስብ ቁጥሩ 1832 ነው። ፊልሙ አዲስ አበባም አሜሪካም አለ፤ የስብስቡ ብዙ ክፍል በኢንተርኔት ይታያል።

እዚያ ስትገቢ የሰው ስም አትፈልጊ። የመንደርሽን፣ የወንዙንና የአምባውን ስም ፈልጊ፤ ያውም የድሮውን። ወረዳሽ ዛሬ የሚጠራበት ስም ከ1500ዎቹ በኋላ የመጣ ከሆነ በመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ ላይ አይገኝም። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ የሚሉትን እዚያ ብትፈልጊ ጊዜሽን ነው የምታጠፊው። ምንጭ፣ ገደልና ቤተ ክርስቲያን ግን የቀድሞ ስማቸውን ይዘው ይቆያሉ። የዘርዓ ያዕቆብ ነው የተባለ ሰነድ ሲገጥምሽ ደግሞ አብረው የተጠሩትን ሹማምንት ተመልከቺ። ዐቃቤ ሰዓቱ (በቤተ መንግሥት ትልቅ የካህን ሹመት ነው) አምኃ ኢየሱስ ከተባለ ደህና ምልክት ነው፤ የንጉሡ ዐቃቤ ሰዓት እሱ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በስመ መንግሥታቸው ቈስጠንጢኖስ ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ።

ቁጥር የተጻፈበት ካገኘሽም ተጠንቀቂ። በድሮ ሰነድ «በ፺፭ ዓመተ ምሕረት» ሲል 1895 ማለቱ አይደለም። ዘመኑ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ ይቆጠር ነበር። በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ለነበረው ዙር 1340 ትጨምሪበታለሽ፤ 1435 ይሆናል። ከዚያ ለአራት አካፍለሽ ወንጌላዊውን አረጋግጪ። ሦስት ስለሚተርፍ ሉቃስ መሆን አለበት። ሰነዱ ዮሐንስ ካለ ወይ ቁጥሩን በስሕተት አንብበሻል፣ ወይ ጽሑፉ ኋላ ላይ የተሠራ ነው። የተሠራ ሰነድ ብርቅ አይደለም። የተቃጠለውን በትዝታ የጻፈ አለ፤ ያልነበረውን የጨመረም አለ።

ስለ ሙስሊሙ ወገን ጠያቂዎች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። አንቺ ማንሳትሽ ጥሩ ነው፤ በወሎ ግማሹን ቤተሰብ ትቶ ዘር መቁጠር አይቻልምና። ከቦሩ ሜዳ በኋላ የተጠመቀ ሰው በወንጌሉ ላይ በክርስትና ስሙ ይገባል፤ ሰፈር ውስጥ ግን በድሮው ስሙ ይጠራል። ያ ሰው በክርስቲያኑ ቆጠራ ወልደ እገሌ፣ በሙስሊሙ ቆጠራ ሰዒድ ሆኖ ሁለት ሰው ሊመስልሽ ይችላል። የሁለቱን ወገን ቆጠራ ጎን ለጎን አስቀምጪ። የት ቦታ ላይ እንደሚገናኙ ታያለሽ፤ መገናኛው ነው የሚታመነው። የተጣሉ ወይም የተለያዩ ዘመዳሞች ተስማምተው የሚጠሩት ስም ከአንድ ሰው ቃል ይበልጣል። በሸሆቹ ቤት፣ በመስጊዱና በመቃብሩ ዙሪያ በአረብኛ የተጻፈ የውርስ ክፍፍል፣ የወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት) ጽሑፍና የነሰብ (የዘር ሐረግ) ቆጠራ ይኖራል። አንዳንዱ አማርኛ ሆኖ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ አረብኛ የሚያነብ የወሎ ሰው ይዘሽ ሂጂ። በ1936 የናይባና የቃዲ ምክር ቤቶች (የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች) በአዋጅ ከተቋቋሙ ወዲህ ያለው የውርስ መዝገብም መጠየቅ አለበት።

ቅርብ ያለው ነገር ደረሰኙ ነው፤ የምትጀምሪውም ከእሱ ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነ ብቻ አትይ። በማን ስም ነው የተከፈለው? በርስት አገር ሕያው ሰው ከፍሎ ደረሰኙ በሞተ አባት ወይም በአቅኚው ስም መውጣቱ የተለመደ ነው። ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ የሚለውን የመሬቱን የግብር ደረጃ፣ የመሬቱን ስፋት፣ የጭቃ ሹሙን (የመንደሩን ሹም) ስም ጻፊ። በብዙ የርስት አገር ጭቃ ሹምነት በአቅኚው ልጆች መካከል በየተራ ይዞር ነበር። የተራውን ቅደም ተከተል የሚያስታውስ ሽማግሌ ካገኘሽ የቅርንጫፎቹን ዝርዝር አገኘሽ ማለት ነው። ማንም ዘር ቁጠሩልኝ ሲባል የማይነግርሽን፣ ሹመት ማን ነበረው ስትዪው ይዘረግፈዋል።

ቀጥሎ የፍርድ ቤት መዝገብ። እኔ ከወንጌል ኅዳግ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። ተካሳሾች የማይዋደዱ ስለሆኑ አንዱ ያጋነነውን ሌላው ያርመዋል። ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ በፊት የነበሩት የአውራጃና የጠቅላይ ግዛት የርስት ክርክሮች የት እንደገቡ ደሴ ያለውን ፍርድ ቤትና አዲስ አበባ ያለውን ቤተ መዛግብት ጠይቂ። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ጽሕፈት ቤት ተዘርፎ ሰነድ ተበትኗል፤ ስለዚህ «የለም» ከተባልሽ ግለሰብ ቤት ያለውን ግልባጭ ፈልጊ። ከሳሽ የነበረ ሰው ውሳኔውን አይጥልም፤ ልጁም አይጥልም።

ወንጌሉን እንደገና ስታነሺ ቄሰ ገበዙንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅጂ። «መሬት ልታስመልስ ነው» የሚል ወሬ ከተነሣ ዕቃ ቤቱ አይከፈትልሽም፤ ዓላማሽን አስቀድመሽ ለአካባቢው ሰው ንገሪ። መሬቱን ዛሬ የሚያርሱት ሰዎችም መስማት አለባቸው። ፍላሽ አጥፊ፣ ቅጠሉን ራሳቸው ይግለጡልሽ፣ አንድ ሙሉ ገጽና አንድ ቅርብ ፎቶ አንሺ። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ባዶ ቅጠሎች አትዝለዪ፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው።

ለአሁኑ የሚያስፈልገኝ ሁለት ነገር ነው። የእርቁ ውል ከላይ እስከ ታች በቀን ብርሃን ተነሥቶ ይላክልኝ፤ በተለይ የአምስተኛውና የስድስተኛው ስም መስመር። ደረሰኞቹንም ጀርባቸውን ጭምር አንሺያቸው፤ ሒሳብ ተቀባዩ አንዳንዴ የተረፈውን ዕዳና የወራሾቹን ስም በእርሳስ ይጽፍበት ነበር።